ቀጠሮው የየትኛው ሰዓት ነው?

በአዊ ዞን፣ አዘና ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ የሚገባው ከጠዋቱ 2:30 ነው። የሚጽፈው ደብዳቤ ቀኑ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከፊቱ ያለው ኮምፒውተር ግን በዚያው ቅጽበት 8:30 ይላል፤ ወሩ ሌላ ነው፤ ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይቀድማል። በዚህ ኮምፒውተር ላይ ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ ወይም ከዋሽንግተን የስብሰባ ጥሪ ሲደርስ ሠራተኛው ሁለቱን አቆጣጠር በራሱ ጭንቅላት ማስታረቅ ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ከሚገፉና መልሰው ከሚጎትቱ አገሮች ወገን አይደለችም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙም አይለያይም፤ ሰዓት መግፋት የሚጠቅመን ነገር የለም። ሆኖም ሌሎች ሰዓታቸውን በቀየሩ ቁጥር የእኛ ቀጠሮ ይንቀሳቀሳል። የመሥሪያ ቤቶች ኤሌክትሮኒክ የቀን መቁጠሪያ ስሌት አያቅተውም። የሚሳሳተው ቀጠሮው የየትኛው ቦታና የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይነገረው ሲቀር ነው። የሰዓት ታሪክም የሚያሳየን ይህንኑ ነው።

ሰዓት የቦታ በነበረበት ዘመን

ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሰዓት ነበረው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቀትር ነው፤ በምሥራቅ ያለ ሰው ቀትሩን ቀድሞ ያያል፣ በምዕራብ ያለው ዘግይቶ። በአገራችን ሊቃውንት ሰዓትን በጥላ ይለኩ ነበር። ሰው ቆሞ የገዛ ጥላውን በጫማው እየሰፈረ ሰዓቱን ያውቃል፤ ጥላው ከወር ወር ስለሚረዝምና ስለሚያጥርም ለየወሩ የጫማው ልክ በመጽሐፍ ሰፍሮ ይገኛል።

የአገው ምድር በእንግሊዝ አገር ካለችው ግሪንዊች ያለው የሰዓት ርቀትም የተለካው ቀደም ብሎ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ከአዊ አጎራባች በሆነችው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። የጁፒተርን ጨረቃ ግርዶሽ ተመልክቶ ቦታው ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ላይ እንደሚገኝ መዘገበ። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት ይህ ልክ ወደ ሰዓት ሲመነዘር 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

ዛሬ የምንጠቀምበት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ግን ከግሪንዊች የሚቀድመው በ3 ሰዓት ሙሉ ነው። መሠረቱ 45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን ይህ መሥመር ኢትዮጵያን የሚያቋርጣት በሶማሌ ክልል በኩል ነው። አዊ ከዚያ በስምንት ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለሚርቅ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በጥር ወር ደግሞ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። እንግዲህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሳይቀር የስምምነት ውጤት ነው።

ይህን ስምምነት ያመጣው ባቡር ነው። የአሜሪካና የካናዳ የባቡር ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1883 የየከተማውን ሰዓት ትተው በጥቂት የሰዓት ቀጣናዎች መሥራት ጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት፣ በጥቅምት 1877 ዓ.ም.፣ የ25 አገሮች መልእክተኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው የግሪንዊችን መሥመር የዓለም መነሻ አደረጉ። ከአፍሪካ ላይቤሪያ ተወክላ ነበር። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትመራ የነበረችው ኢትዮጵያ ግን በጉባኤው አልነበረችም።

እኛ ዘንድ የፈረንጁ ሰዓት የገባው በመጓጓዣና በዲፕሎማሲ በኩል ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። የአውሮፕላን ትኬትና ዓለም አቀፍ ስብሰባ በፈረንጅ ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያውና ቀበሌው በአገር ሰዓት የሚመሩበት ልማድ እየሰፋ መጣ። ሰው ለሰው ሲነጋገር ይህ ልማድ ብዙም አያስቸግርም፤ ጥርጣሬ ካለ «በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ማሽን ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

አዲስ አበባ በማሽኖች መዝገብ

ስልክም ሆነ ኮምፒውተር የየአገሩን ሰዓት የሚያውቀው ከአንድ የጋራ መዝገብ ነው። መዝገቡን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው አሜሪካዊው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ነው፤ ኋላም ፖል ኤገርት ተረክቦታል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራጨው የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን በሚመዘግበው አያና በተባለ ተቋም በኩል ነው። አንድ መንግሥት የሰዓት ሕጉን ሲቀይር ለውጡ በዚህ መዝገብ ይገባና በማሻሻያ መልክ ወደ መሣሪያዎች ይወርዳል። ማሻሻያው ያልደረሰው መሣሪያ በአሮጌው ሕግ መሥራቱን ይቀጥላል።

መዝገቡ ስለ አዲስ አበባ የያዘው ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከተማዋ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚቀድም የራሷ ሰዓት እንደነበራት ያሰፍራል። ወደ 3 ሰዓት ሙሉ የተሻገረችበትን ዕለት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ያደርገዋል፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ማለት ነው። የመዝገቡ አዘጋጆች ራሳቸው ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት ያለውን መረጃ እንደ ጥብቅ ማስረጃ አይቆጥሩትም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ከተሞችንም ለአሠራር ቅለት በአንድ ስም ጠቅልለዋቸዋል፤ አዲስ አበባም ከናይሮቢ ጋር ተጣምራለች።

ለዛሬ ቀጠሮ ይህ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰዓት ይሠራሉና። ለታሪክ ግን ያመጣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብዙ ኮምፒውተሮች የሚያሰሉት ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቀድሞ ነው። ይህ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ኬንያ በዚያን ጊዜ የምትጠቀምበት ሰዓት ነው። የነፃነታችን ዕለት በሌላ አገር የቅኝ ግዛት ሰዓት መሰላቱ የማንም ክፋት አይደለም። የራሳችንን የሰዓት ታሪክ ሰንዶ የሚያቀርብ የአገር ተቋም አስፈላጊ መሆኑን ግን በግልጽ ያሳያል።

መጋቢት 1999

የሰዓት ለውጥ የመሥሪያ ቤቶችን ካሌንደር ምን ያህል ሊያናጋ እንደሚችል ዓለም በስፋት ያየው በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኃይል ፖሊሲ ሕግ ሰዓት የሚገፋበትን ቀን ከኤፕሪል መጀመሪያ ወደ ማርች ሁለተኛ እሑድ አመጣው፤ የሚመለስበትንም ከኦክቶበር መጨረሻ ወደ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ አዘገየው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው መጋቢት 2 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።

ችግሩ የነበረው ቀድሞ በተያዙት ቀጠሮዎች ላይ ነው። አውትሉክን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ስብሰባውን ወደ ግሪንዊች ሰዓት ለውጠው ያስቀምጡና በሚታይበት ጊዜ መልሰው ወደ አካባቢው ሰዓት ይመነዝሩት ነበር። ስብሰባው የተመዘገበው በአሮጌው ሕግ ሆኖ የሚመነዘረው በአዲሱ ሕግ ሲሆን የአንድ ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ማይክሮሶፍት ለአውትሉክና ለኤክስቼንጅ ፕሮግራሞቹ ማሻሻያና የቀጠሮ ማስተካከያ መሣሪያ አወጣ። ይሁንና አንዱ ሠራተኛ ማሻሻያውን ጭኖ ሌላው ካልጫነ ሁለቱ ለአንድ ስብሰባ በተለያየ ሰዓት ይቀርባሉ። በአዲሱና በአሮጌው የመግፊያ ቀን መካከል በነበሩት ሦስት ሳምንታት ፍቱን ሆኖ የተገኘው መፍትሔ ቀላሉ ነበር፤ ሰዓቱንና ከተማውን በስብሰባው ርዕስ ላይ በጽሑፍ ማስፈር።

ከዚያ የተገኘው ትምህርት ዛሬም ይሠራል። ያለፈ ድርጊት በግሪንዊች ሰዓት ቢመዘገብ አስተማማኝ ነው፤ የሆነበት ቅጽበት አይለወጥምና። ወደፊት የሚደረግ ቀጠሮ ግን ከነቦታው መቀመጥ አለበት፤ «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አዲስ አበባ» ተብሎ። በመካከሉ ሕግ ቢቀየር ሰዎቹ የሚመጡት በቦታው ሰዓት ነው። ካሌንደሮች የሚግባቡበት ዓለም አቀፍ ደንብም፣ በ1998 ወጥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታደሰው፣ ቀጠሮን ከሰዓት ቀጣናው ስም ጋር ለማስቀመጥ ቦታ ሰጥቷል።

ጎረቤት ሲቀይር

ለእኛ ለውጡ የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነው። ዋሽንግተን ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት የሚደረግ ሳምንታዊ ስብሰባ ሰዓታቸው በተገፋባቸው ወራት ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ሲመልሱት ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ይሸሻል። ስብሰባውን የጠራው የአዲስ አበባው ቢሮ ከሆነ የእኛ 9 ሰዓት ይጸናል፤ ዋሽንግተን ያለው ወገን ግን ወደ 7 ሰዓት ጠዋት ይጎተታል። በማርች ደግሞ አሜሪካ ከገፋች በኋላ አውሮፓ እስከ ወሩ የመጨረሻ እሑድ ድረስ ስለማትገፋ፣ አዲስ አበባ፣ በርሊንና ዋሽንግተን የሚገናኙበት ስብሰባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊናጋ ይችላል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዘመድ ሲደውሉና ለማኅበራቸው ስብሰባ ሲጠሩ ይህንኑ ያውቁታል።

ሁለተኛው አቅጣጫ የገዛ አካባቢያችን ነው። ሱዳን በጥር 1992 ዓ.ም. ሰዓቷን ገፍታ ከእኛ ጋር እኩል አደረገች፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ መልሳ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ወሰደችው። መተማና ጋላባት ድንበር ለድንበር ሆነው በአንድ ሰዓት ይለያያሉ ማለት ነው። ደቡብ ሱዳንም ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች። ግብፅ በ2016 እ.ኤ.አ. ሰዓት ለመግፋት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ሰረዘች፤ በ2023 መልሳ ጀመረች። ራቅ ሲልም ሞሮኮ በ2018 ሰዓቷን ልትመልስ ሁለት ቀን ሲቀራት ባለበት እንዲቀጥል ወሰነች። በሊባኖስ በ2023 መንግሥት ለውጡን በድንገት ሲያዘገይ ከፊሉ ሕዝብና ተቋም አልቀበልም ብሎ አገሪቱ ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ተዳደረች። እንዲህ ባለ አጭር ጊዜ ማሻሻያ ወደ ሁሉም መሣሪያ ሊደርስ አይችልም፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ቀጠሮ ይዞ የሚጠብቀው ሠራተኛ ነው።

ጥር 23

የእኛ የራሳችን ጉዳይ ግን ከአንድ ሰዓት ልዩነት ይከብዳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራል። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ሲሆን በዓሉም በዓድዋ የዋሉትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስባል። አንድ ባለሙያ ይህን በዓል በመሥሪያ ቤቱ ካሌንደር ላይ «በየዓመቱ ጃንዋሪ 31» ብሎ ቢያስገባው ሦስት ዓመት ይሠራለታል፤ በአራተኛው ይሳሳታል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ጥር 23 የሚውለው ፌብሩዋሪ 1 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኗል። መስከረም 1 ራሱም በዚያ ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሸጋገራል። ማሽኑ በየዓመቱ እንዲደግም የታዘዘው የሌላ ዘመን አቆጣጠር ቀን ስለሆነ እንጂ ጥር 23 አልተንቀሳቀሰም።

የሰዓቱም ነገር እንደዚሁ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለ ስብሰባ ኤኤም 3:00 ተብሎ ከተጻፈ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይመዘገባል። ስልኩ በአማርኛ ቢዋቀር እንኳ ስሙ ይተረጎማል እንጂ ቁጥሩ የፈረንጅ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ሰው መላ ብሎ የስልኩን ሰዓት በእጁ በስድስት ሰዓት ይቀይራል። ይህ ጉዳት አለው፤ መሣሪያው አሁን ያለውን ቅጽበት ስለሚስት የስብሰባ ማስታወሻው በስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ደኅንነታቸው የተጠበቀ ድረ ገጾችም የምስክር ወረቀታቸው ጊዜ የተዛባ መስሎ አልከፈት ሊሉ ይችላሉ። ትክክለኛው መንገድ የመሣሪያውን ሰዓት ሳይነኩ የሚታየውን ብቻ በአገር አቆጣጠር ማቅረብ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ደረጃዎች ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠርም እንዲሁ ሊገባ ይገባዋል። ሕዝብ በየዕለቱ የሚኖርበት ሥርዓት ስለሆነ በተጠቃሚው ጭንቅላት ብቻ እንዲሰላ መተው ፍትሐዊ አይደለም።

ዛሬ መሠራት ያለበት

መሥሪያ ቤቶች የቴክኖሎጂ ለውጥ ሳይጠብቁ የሚጀምሩት ነገር አለ። የስብሰባ ጥሪ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑን በሁለቱም ዘመን ይያዝ፤ የማን ከተማ ሰዓት መሆኑም ይጻፍ። ከውጭ ጋር የሚደረግ ተደጋጋሚ ስብሰባ በማን ሰዓት እንደሚጸና አስቀድሞ ይወሰን፤ በማርችና በኖቬምበር ደግሞ ዳግም ይረጋገጥ። የሌሊት ጉዞ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» እንደምንለው ሁለቱን ቀን ጠርቶ ይመዝገብ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የአካባቢው ተቋማት የኮምፒውተር ተማሪዎቻቸውን በዚህ ጉዳይ ላይ ቢያሠማሩ ለወረዳዎቹ ቢሮዎች ጠቃሚ ሥራ ይወጣል።

ፈተናውም ቀን አለው። የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ የዚያ ዓመት ጥር 23ም ፌብሩዋሪ 1 ይሆናል። በዓመታዊ ዕቅዳቸው ውስጥ በፈረንጅ ቀን የታሠሩ ተደጋጋሚ ቀጠሮዎች ያሏቸው ቢሮዎች ካሌንደራቸውን ከፍተው ማየት ያለባቸው ከዚያ በፊት ነው።