የጉግስ ጋሻና የበረኛ ክንድ

የሜዳ ሆኪ በሚባለው የውጭ አገር ጨዋታ በረኛ ሆኖ የሚቆም ሰው የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ክንዱን ምን ያህል ይሸፍን የሚለው ነው። ኳሱ ጠጣር ሲሆን ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም ይደርሳል፤ ባዶ ክንድ ቢመታ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ሆኖም ክንዱን በወፍራም መከላከያ የጠቀለለ በረኛ ክርኑን ማጠፍ ስለሚቸግረው ኳሱ በጎኑ ያልፈዋል።

ብዙ ሰዎች ሆኪን ከገና ጨዋታችን ጋራ ያመሳስሉታል፤ ቆልማማውን ዱላ ላየ ሰው ነገሩ እውነት ይመስላል። በገና ግን ተለይቶ ግብ የሚጠብቅ፣ ክንዱንም የሚሸፍን ተጫዋች የለም። ስለዚህ የበረኛውን ጥያቄ በታሪካችን ለማግኘት ወደ ጉግስ መሄድ ይገባል፤ ይህም ጨዋታ ከእኛ ከጉለሌ ብዙም በማይርቀው በጃንሜዳ በበዓላት ቀን ሲታይ የኖረ ነው።

በጉግስ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸው ዘወር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ፣ ክብና መካከሉ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ እብጠቱም ዘንጉን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ከውስጥ በኩል ባለው የጠፍር መያዣ በግራ እጅ ይያዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጓሙም በዚያው በግራ እጅ ነው! ጋላቢው መላ አካሉን የሚጋርድ ሰፊ ጋሻ ቢያነግብ ኖሮ ፈረሱን እንዴት ያዞር ነበር? አባቶቻችን የመረጡት ክንድን የሚያለብስ ሳይሆን ክንድ እንደ ልብ የሚያንቀሳቅሰውን ጋሻ ነው። ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነገር ይህ ነው።

በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ከጠመንጃው ጋራ ጋሻና ጦር ይዘው የዘመቱ ብዙዎች ነበሩ። ጠመንጃ ሲበረክት ጋሻ ከጦር ሜዳ እየራቀ ሄደ፤ በብርና በከፋይ ያጌጠው ግን የማዕረግ ምልክት ሆኖ ቆየ። (ስሙ እንኳ 40 ሄክታር ለሚያህል መሬት መለኪያ ሆኖ ነበር።)

ሆኪ ደግሞ በሕጉ የእጅ መከላከያው ከ228 ሚሊ ሜትር ወርድና ከ355 ሚሊ ሜትር ርዝመት እንዳይበልጥ ወስኗል። በረኛው በግራ እጁ ሰሌዳ የመሰለውን መከላከያ፣ በቀኙ ዱላውን ይዞ ይቆማል፤ ጉግስ የለመደ አዛውንት ቢያየው ፈረሱ የት አለ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የክርኑ መከላከያ ግን ለበረኛው ፈቃድ የተተወ ነው፤ እኔ ብሆን ከመጋጠሚያው ላይ የተከፈለውን፣ ክርን የሚያሳጥፈውን እመርጣለሁ።