ራጅ ያላየው እንግዳ

ከመካ ሐረም ብዙም በማይርቀው የዑተይቢያ ሰፈር፣ ሳል የጠናበት ሐበሻ ቀድሞ የሚያስበው ሐኪሙን አይደለም፤ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ነው። ያለው እንዳይሰረዝበት፣ የሌለው እንዳይያዝ ይፈራል። ለሥራ ወደ ሳዑዲ የሚሄድ ሰው ደረቱን ራጅ መነሳት ግዴታው ነው፤ ቲቢ ከተገኘበት መንገዱ እዚያው ላይ ይቆማል።

በሽታን በር ላይ የመያዝ ሐሳብ በቀይ ባሕር ዳርቻ የቆየ ነው። በ1865 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሐጅ ወቅት መካ የገባው ኮሌራ ወደ ግብፅና አውሮፓ ተሻግሮ ሕዝብ ፈጀ። በማግስቱ ዓመት መንግሥታት ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው መከሩ። ቱርኮችም በ1882 በካማራን ደሴት የኳራንቲን ጣቢያ ከፍተው፣ ከደቡብ በመርከብ የሚመጣውን ሐጃጅ ያቆዩ ጀመር። አፍሪካውያን ስደተኞች ለብዙ ዘመን የተጠጉበት የጂዳው ከረንቲና ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ የኳራንቲን አሠራር ነው። ለኮሌራ ዘዴው ያስኬዳል፤ የያዘው ሰው በቀናት ውስጥ ይለያል።

ሮበርት ኮኽ በዚያው በ1882 በርሊን ላይ ያስተዋወቀው የቲቢ ጀርም ግን በር ላይ አይያዝም። በትንፋሽ ሳንባ ሲገባ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ይውጡታል፤ መፍጨቱ ግን ሁልጊዜ አይሆንላቸውም። ቲ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባል ንጥረ ነገር ያበረታቷቸውና ዙሪያውን ያጥሩታል። እዚያ ውስጥ ሳይሞት ዓመታት ያድራል። ጀርሙ ከገባባቸው ሰዎች በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ኤችአይቪ፣ ረሃብና ስኳር በሽታ አጥሩን ያፈርሱታል። የተኛውን ጀርም ራጅ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። አዲስ አበባ ላይ «ጤነኛ» ተብሎ የተሸኘው ወጣት፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከብዙዎች ጋር እያደረ በሦስተኛው ዓመት ሊታመም ይችላል። በአንገት እጢ የሚወጣውንም የደረት ራጅ አያገኘውም፤ በእኛ አገር ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ቲቢ የያዛቸው ከሳንባ ውጭ ነው። 

ቲቢ በር ላይ እንደማይያዝ ሐጅ ራሱ አሳይቷል። በ1998 የወጣ ጥናት፣ በሐጅ ጊዜ በሳንባ ምች ሆስፒታል ከገቡት ሰዎች ላይ በብዛት የተገኘው መንስኤ ቲቢ መሆኑን አመለከተ። በ2015 ከአምስት አገሮች የመጡ ከ1 ሺህ በላይ ሐጃጆች አክታ በጂንኤክስፐርት ሲመረመር፣ 15ቱ ሳያውቁት ቲቢ ይዟቸው ነበር። መሣሪያው ጀርሙ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት መቋቋሙን በሁለት ሰዓት ይናገራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው በ2010 ነው። የቢሲጂ ክትባትም ቢሆን ሕፃናትን ከማጅራት ገትር ዓይነቱ ቲቢ ይከላከላል እንጂ ለአዋቂ ሳንባ ብዙ አይታመንም።

ድሃ አገሮች የተማሩት ከበር ሳይሆን ከጓዳ ነው። በ1950ዎቹ ሕንድ ውስጥ ማድራስ ላይ የተጀመረ ሙከራ፣ ቤቱ ሆኖ መድኃኒቱን የዋጠ ታማሚ ሆስፒታል ከተኛው እኩል እንደሚድን አረጋገጠ። ኢትዮጵያም ታማሚው መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ፊት የሚውጥበትን አሠራር በ1992 በአርሲና ባሌ ሞከረች፤ ከ2003 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳል ያለበትን በየቤቱ ይጠይቃሉ። በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን ተቋም ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ የዚህ ጀርም ጥናት ነው። በ2013 ደግሞ በአገራችን፣ በተለይም በወልዲያ አካባቢ፣ የተገኘ ሰባተኛው የጀርሙ ዘር ለዓለም ታወቀ።

በዚያው በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ከዚያ ወዲህም በጂዳና መካ መሃል ባለው የሹሜሲ ማቆያ ተጨናንቀው የሰነበቱ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ማቆያ ለቲቢ ከሆስፒታል ይልቅ ይመቸዋል፤ ማባረር ደግሞ በሽታውን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር እንጂ ማጥፋት አይደለም።

ከሳዑዲ የተመለሰ ወንድም ወይም እህት ቤትዎ ካለና ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ለአብዛኛው ታማሚ ሕክምናው ስድስት ወር ነው።