ቫልቮላው ያላየው እሳት

መርሳ ያለው የእናቴ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ባለፈው ስሄድ እናቴ «ልጄ፣ እንጀራ ስጋግር የሚነድ ነገር ይሸተኛል» አለችኝ። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቫልቮላ አየሁና «ደህና ነው፤ ቢበላሽ ይቃጠል ነበር» አልኳት። የተማረ ሰው መልስ!

በሳምንቱ ከምጣዱ ሶኬት ጀርባ «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሲፈታ መጋጠሚያው ላልቶ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ግድግዳው ጠቁሯል። ቫልቮላው ግን አሁንም ደህና!

ኤሌክትሪሺያኑ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ቫልቮላ የሚቃጠለው ከልክ በላይ ሲፈስበት ነው። የላላ ሽቦ ፍሰቱን ሳይጨምር ይፈነጥቃል።» እንግዲህ ሌባን በግዝፈቱ ብቻ የሚለይ ዘበኛ ማለት ነው።

ይህን ዘበኛ ዓለምም ለረጅም ጊዜ አምኖት ኖሯል። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 የኒውዮርክን አንድ ሰፈር በ110 ቮልት ገደማ አበራ። ብልጭታን የሚለይ ብሬከር በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ የገባው ግን በ1999 ነው፤ ያውም ለአዲስ ቤቶች መኝታ ክፍል ብቻ፣ ከ2002 ጀምሮ።

«ታዲያ ከአሜሪካ ይላክልና!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ አስላክሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ አነበበና መለሰልኝ። «120 ይላል፤ የእኛ 220 ነው።» አሜሪካ ከኤዲሰን ውርስ ብዙም ሳትርቅ ቀረች። በርሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ 220 ተሻገረች፤ እኛም የአውሮፓን መንገድ ያዝን። ጥቅም አለው፤ የ3,000 ዋት ምጣድ በ120 ቮልት 25 አምፔር ሲስብ በ220 ወደ 14 ይወርዳል። ከፍ ያለው ቮልት ግን ለብልጭታም ይመቸዋል።

ደንብማ እኛም አለን። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። የእናቴን የጭቃ ቤት ግን አንኳኩቶ አያውቅም።

ለዓመታት ተማሪዎቼን «ሰሙን ገልጣችሁ ወርቁን አውጡ» ስል ኖሬአለሁ። ሽቦ የተገላቢጦሽ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ፕላስቲክ፣ ወርቁ መዳብ። ሰሙ የቀለጠ ዕለት ወርቁ ቤት ያቃጥላል።

አሁን ምጣዱ ለብቻው ወፈር ያለ ሽቦ ተዘርግቶለታል፤ መጋጠሚያውም ጠብቋል። ኤሌክትሪሺያኑ «አብሽሩ!» ብሎኝ ሄደ። እናቴ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። ምን ትበል? በዚያ ቤት ብልጭታን የሚለይ አንድ መሣሪያ ነበር፤ የእሷ አፍንጫ። እሱን ነው ያላመንኩት።