ሸክላ በትዕዛዝ ለማሠራት መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ፣ ቀፊራ ገበያን የያዘ የድሬዳዋ ነባር የንግድ ሰፈር ነው። በገበያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ለአብዛኛው ሸማች በቂ ነው። መጠኑ ወይም ቅርጹ የተለየ ዕቃ የፈለገ ግን ለሸክላ ሠሪ ማዘዝ ይኖርበታል። ትዕዛዙ ሳይብራራ ከቀረ ኪሳራው ለሁለቱም ወገን ነው፤ አንዴ የተቃጠለ ሸክላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንምና።

ልኬት

ሸክላ ሲደርቅና ሲቃጠል ይሸማቀቃል። መጠኑ እንደ አፈሩ ዓይነት ቢለያይም፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምጣድ ለማግኘት ጭቃው በ67 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሠራት አለበት። በመሆኑም አዛዡ የሚናገረው ልክ የጭቃው ሳይሆን የተጠናቀቀው ዕቃ መሆኑን ግልጽ ማድረግ ይገባዋል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ አሮጌውን ሸክላ ወይም ማቀፊያውን ይዞ መሄድ ይመረጣል።

አገልግሎት

የውኃ እንስራ ከቃጠሎ በኋላም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይኖሩታል። በእነዚህ በኩል የሚሰርገው ውኃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ውስጡ ያለውም ይቀዘቅዛል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ስለሆነ፣ እንስራ ቀለም ሊቀባ አይገባም። እሳት ላይ የሚጣድ ድስት ግን የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃ ይፈልጋል፤ ድብልቁ ሙቀትን እንዲቋቋም ይረዳዋል።

ጊዜ

ዕቃው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። እርጥበት እንደያዘ እሳት ውስጥ ከገባ፣ ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለሠርግ ወይም ለበዓል የሚፈለግ ዕቃ ቀደም ብሎ ይታዘዛል፤ በዝናብ ወቅት ደግሞ ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጋሉ። ቀብድ ሲከፈል፣ በቃጠሎ ላይ የሚሰበረው በማን ኪሳራ እንደሚታሰብ አስቀድሞ መስማማት ጠብን ያስቀራል።

ርክክብ

ዕቃውን በጣት መታ መታ ማድረግ ጥራቱን ይጠቁማል። ጥርት ያለ ድምፅ ደህንነቱን፣ የታፈነ ድምፅ ደግሞ የተደበቀ ስንጥቅን ያመለክታል። አዲስ ምጣድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጎመን ዘር ይሟሻል።

ዋጋ

የትዕዛዝ ሥራ ዋጋ ጭቃውን ብቻ አያካትትም። አፈር መሸከሙ፣ ማገዶውና በእሳት የሚጠፋው ዕቃ ሁሉ ወጪ ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪዎች በሙያቸው ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ አክብሮቱ የሚገለጸው ተገቢውን ዋጋ በወቅቱ በመክፈል ነው።