ያዩትን መጻፍ፦ የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ላቦራቶሪ አጀማመርና ለጤና ሙያ ያለው ፋይዳ

መግቢያ

ሐኪምም ሆነ ነርስ፣ ፋርማሲስትም ሆነ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አብዛኛው የጤና ሠራተኛ ወደ ሕሙማን ክፍል ከመግባቱ በፊት ያለፈበት አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ በስላይድ ላይ ዘርግቶ የሕዋስን ግድግዳ መፈለግ፣ የታየውን በእርሳስ መሳል፣ እንቁራሪት ሰንጥቆ ልቧን ከሳንባዋ መለየት፣ በመጨረሻም ሪፖርት ጽፎ ማስረከብ የዚህ ትምህርት የተለመዱ ተግባራት ናቸው። ብዙዎች ያን ጊዜ የሚያስታውሱት በፎርማሊን ሽታውና አንዱን ማይክሮስኮፕ ለመጠቀም ይጠብቁት በነበረው ተራ ነው። ትምህርቱ ለምን በዚህ መልክ እንደተቀረጸ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ባዮሎጂን ለጀማሪ ተማሪ በላቦራቶሪ ማስተማር ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ አይደለም። ዕድሜው ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ብዙም አይርቅም። የተጀመረውም አንድን የታወቀ ችግር ለማስወገድ ነበር። ችግሩ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ስለሚመለስ ታሪኩን መለስ ብሎ መመልከቱ ለዛሬው የጤና ባለሙያ ይጠቅማል።

ሳያዩ የማወቅ ችግር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብሪታንያ የሳይንስ ትምህርትን የሚያስፋፋው የሳይንስና ሥነ ጥበብ መምሪያ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። መምሪያው እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ ለመምህራን የሚከፍለው ተማሪዎቻቸው በፈተና ባስመዘገቡት ውጤት መጠን ነው። ይህ አሠራር የሳይንስ ክፍሎችን ቁጥር ቢያበዛም ሽምደዳንም አብሮ አበዛ። ስለ ልብ ክፍሎች አሳምሮ የሚጽፍ፣ ነገር ግን የበግ ልብ እንኳ በእጁ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ፈተናውን ማለፍ ይችል ነበር። መምህሩም ቢሆን ከመጽሐፍ ተምሮ ከመጽሐፍ የሚያስተምር ነበር።

ይህን ችግር በቅርብ ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ናቸው። ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1825 የተወለዱ ሲሆን በለንደኑ ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ሕክምና ተምረዋል። ገና በተማሪነት ዘመናቸው በፀጉር ሥር ሽፋን ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ያልተገለጸ የሕዋሳት ድርብርብ በማይክሮስኮፕ አይተው እ.ኤ.አ. በ1845 አሳተሙ፤ ይህ ድርብርብ ዛሬም በሂስቶሎጂ መጻሕፍት የሚጠራው በስማቸው ነው። ከ1846 እስከ 1850 ድረስ ራትልስኔክ በተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ ላይ በረዳት ሐኪምነት ሲያገለግሉ በጉዞው ላይ የተገኙትን የባሕር እንስሳት እየመረመሩ ቆዩ። ዕውቀታቸው ከእጃቸውና ከዓይናቸው የተገኘ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እርሳቸው ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን የንጉሣዊ ማዕድን ትምህርት ቤት መምህር ሲሆኑ ተማሪዎቻቸው እንደርሳቸው እንዲማሩ ማድረግ አልቻሉም። በጀርሚን ጎዳና የነበረው ሕንፃ ለተማሪ የሚሆን የባዮሎጂ ላቦራቶሪ አልነበረውም። በመሆኑም ሃክስሊ ለብዙ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በመሣል በሚታወቁበት ችሎታ እየታገዙ በቃል ብቻ ማስተማር ግድ ሆነባቸው። የመምህሩ ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር ለተማሪው ሌላ ሰው ያየው ነገር ሥዕል ከመሆን አያልፍም ነበር።

የሳውዝ ኬንሲንግተን ኮርስ

የለውጡ በር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። በ1870 የወጣው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ የትምህርት ቤቶችን ቁጥር ስለሚጨምር ሳይንስን በሚገባ የሚያስተምሩ መምህራን ያስፈልጉ ነበር። ሃክስሊ በ1871 ክረምት በሳውዝ ኬንሲንግተን ለሳይንስ መምህራን ለጥቂት ሳምንታት የሚቆይ ኮርስ ከፈቱ። ማይክል ፎስተር፣ ዊልያም ራዘርፎርድና ሬይ ላንከስተር በረዳትነት አብረዋቸው ሠሩ። በቀጣዩ ዓመት ሥራው በዚያው አካባቢ ወደተሠራው አዲስ ሕንፃ ተዛወረና ለመደበኛ ተማሪዎችም ቋሚ ኮርስ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። መምህሩ በጠዋት ስለ አንድ ሕያው ነገር ያስተምራሉ። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ወደ ላቦራቶሪ ገብተው ብርሃን በሚያገኝ ጠረጴዛ ፊት፣ ማይክሮስኮፕና የመሰንጠቂያ መሣሪያ ይዘው፣ የሰሙት ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን በዚያው ቀን ያረጋግጣሉ። ረዳት መምህራኑ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ የተሳሳተውን ያርማሉ፤ በተማሪው ፈንታ ግን አይሠሩለትም።

ሃክስሊ የዚህን ኮርስ መመሪያ ከረዳታቸው ከሄንሪ ኒውዌል ማርቲን ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1875 አሳተሙ። መጽሐፉ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ስም ዝርዝር አያስጠናም፤ የተወሰኑ ሕያዋንን መርጦ እያንዳንዳቸውን በጥልቀት ያስመረምራል። የሚጀምረው ከእርሾ ነው። ከዚያ በአንድ ሕዋስ የሚኖር አረንጓዴ ዋቅላሚ፣ አሜባ፣ ባክቴሪያ፣ ሻጋታ፣ ፈርን፣ ባቄላ፣ ሃይድራና ሌሎችም ይከተላሉ፤ መጨረሻውም እንቁራሪት ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ሁለት ነገሮች የጤና ባለሙያን ትኩረት ይስባሉ። አንደኛው፣ አሜባና የሰው ነጭ የደም ሕዋስ በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ተማሪው የኩሬ ውኃ ውስጥ ያለችውን አሜባ ካየ በኋላ ጣቱን ወግቶ የራሱን ደም ይመረምራል፤ በገዛ አካሉ ውስጥም እንደ አሜባ ቅርጹን እየለዋወጠ የሚንቀሳቀስ ሕዋስ ያያል። ኤሊ ሜችኒኮፍ እነዚህን የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ባዕድ ነገርን ከበው እንደሚውጡና ሰውነትን እንደሚከላከሉ ያመለከተውን ምርምራቸውን በሲሲሊ ደሴት የጀመሩት ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው።

ሁለተኛው የባክቴሪያ ምዕራፍ ነው። ተማሪው ድርቆሽ በሞቀ ውኃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ ፈሳሹን ካቆየ በኋላ በውስጡ የሚርመሰመሱትን ባክቴሪያዎች ያያል። ሮበርት ኮኽ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ የሕይወት ዑደት ገልጸው ከበሽታው ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳዩት መጽሐፉ ከታተመ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1876፣ የሳንባ ነቀርሳን መንሥኤ ያስታወቁትም በ1882 ነበር። ስለሆነም የሳውዝ ኬንሲንግተን ተማሪዎች ባክቴሪያን በዓይናቸው ያዩት ስለ ባክቴሪያ በሽታ አምጪነት ገና ብርቱ ክርክር በነበረበት ወቅት ነው።

የተገላቢጦሽ ትምህርት

ኮርሱ ከስሕተት የጸዳ አልነበረም። ከቀላል ወደ ውስብስብ መሄድ በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል። በተግባር ግን ማይክሮስኮፕ ነክቶ የማያውቅ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን እርሾን እንዲያጠና ሲታዘዝ፣ መሣሪያውም የሚያየውም ነገር እንግዳ ይሆንበታል። የአየር ኩብን ከሕዋስ ለመለየት የሚቸገር ተማሪ ስለ ሕይወት ባሕርይ ሊያስብ አይችልም።

የመጽሐፉ የታደሰ እትም እ.ኤ.አ. በ1888 ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ትምህርቱ ከእንቁራሪት ጀመረ። የእንቁራሪት አካል በዓይን ይታያል፤ ተማሪው ልብ፣ ሆድና ዓይን ምን እንደሆኑ በግምትም ቢሆን ያውቃል። ከሚያውቀው ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደማያውቀው ዓለም ይገባል። በልምድ ተፈትኖ ያልሠራን ነገር ታዋቂ መምህራን በአደባባይ መለወጣቸው ለተማሪዎቻቸው ይሰጡት ከነበረው ትምህርት ጋር የሚስማማ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ከባድ ጥያቄም ተነሥቷል፤ እርሱም የእንስሳት ጉዳይ ነው። በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራ በብሪታንያ ሕዝብ ዘንድ ቁጣን ስለቀሰቀሰ እ.ኤ.አ. በ1875 ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሃክስሊም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። በ1876 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ሙከራ ያለ ፈቃድ ማካሄድን ከለከለ። ለማስተማር ሲባል የስንት እንስሳ ሕይወት ሊጠፋ ይገባል የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከባዮሎጂ ላቦራቶሪ አልተለየም። ዛሬ በብዙ ኮሌጆች ሞዴልና ቪዲዮ የመሰንጠቅን ሥራ በከፊል የተኩትም ከዋጋው በተጨማሪ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሕክምና ትምህርት መሸጋገር

አዲሱ አሠራር በፍጥነት ተዛመተ። ፎስተር ወደ ካምብሪጅ ወሰዱት። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1876 ሲከፈት የመጀመሪያው የባዮሎጂ ፕሮፌሰር የሆኑት የመጽሐፉ ተባባሪ አዘጋጅ ማርቲን ናቸው። ሃክስሊም በዚያው ዓመት መስከረም ወር ወደ ባልቲሞር ተጉዘው ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ንግግር አድርገዋል። በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን የተቀበለው ዲግሪ የያዙና ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን በላቦራቶሪ የተማሩ መሆናቸውን አረጋግጦ ነው። በሌሎች ብዙ ትምህርት ቤቶች ክፍያውን መክፈል በሚበቃበት ዘመን ይህ መመዘኛ እጅግ ጥብቅ ነበር።

አብርሃም ፍሌክስነር በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ጎብኝተው እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጡት ሪፖርት ይህን አሠራር አርአያ አደረጉት። በርካታ ትምህርት ቤቶች ላቦራቶሪ አለን ቢሉም ያላቸው ለስሙ ያህል ብቻ እንደሆነ ገለጹ። ለሕክምና ትምህርት ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ቆይታና የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ዝግጅት እንዲጠየቅም መከሩ። ከዚህ በኋላ ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ።

ነገር ግን የጥራት መመዘኛው ዋጋ አስከፍሏል። ላቦራቶሪ ገንዘብ ይጠይቃል። በጊዜው ከነበሩት ሰባት የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች መካከል ፍሌክስነር ሊደገፉ ይገባል ያሏቸው ሃዋርድንና ሜሃሪን ብቻ ነው፤ የቀሩት አምስቱ እያከታተሉ ተዘጉ። ድሃው ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ እንዲኖረው ከመርዳት ይልቅ ስለሌለው መዝጋት የመረጠ ማኅበረሰብ የሐኪሞቹን ጥራት ሲያሻሽል ከፊሉን ሕዝብ ያለ ሐኪም አስቀርቷል። መመዘኛ ለሚያወጡ ሁሉ ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት ነው።

ከላቦራቶሪ ወደ ወንዝ ዳር

በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ በ1954 ሥራ ሲጀምሩ፣ የላቦራቶሪ ሥራን የሳይንስና የጤና ትምህርት አካል የማድረጉ ልማድ በዓለም ላይ ሥር ሰድዶ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ምን ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል ከሚያሳዩት ምሳሌዎች ሁሉ ለኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች የሚቀርበው የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው።

ዶክተር አክሊሉ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ብልሃርዝያ ለማጥናት በአድዋ አካባቢ ሳሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዝያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድግባቸው ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ግምታቸውን ይዘው አልሄዱም። ሕያው ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አኖሩና ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ወንዝ ዳር የተደረገው ይህ ሙከራ ከአንደኛ ዓመት ላቦራቶሪ የሚለየው ጠረጴዛና ጣሪያ ባለመኖሩ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣው ምርምር ዛሬ በስማቸው ለሚጠራው በ1966 ለተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ሥራ መሠረት ሆነ። በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘላቸው። ዛሬ ብልሃርዝያን ለመቆጣጠር በዋናነት የሚያገለግለው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ቢሆንም የእንዶድ ታሪክ ዋጋውን አላጣም። እናቶች በየቀኑ ይጠቀሙበት የነበረው ዕፅ ኃይሉ የታወቀው የታየውን ነገር ለመፈተን የሠለጠነ ሰው በቦታው ስለተገኘ ነው።

ማጠቃለያ

በጀት ሲያንስ፣ ተማሪ ሲበዛ ወይም ጊዜ ሲያጥር ከትምህርት ፕሮግራም ቀድሞ የሚቀነሰው ብዙውን ጊዜ የላቦራቶሪው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ኮሌጆችን በዘጋ ጊዜ በብዙ አገሮች የላቦራቶሪ ትምህርት ወደ ኮምፒዩተር መስኮት ገብቷል። አማራጭ በሌለበት ይህ መደረጉ ተገቢ ነበር። ሆኖም በመስኮቱ ላይ የሚታየው ስላይድ ሁልጊዜ የጠራ፣ ቀለሙ የተስተካከለና መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ላቦራቶሪም ቢሆን ተማሪው ከመመሪያው የገለበጠውን ሥዕል የሚያስረክብበት ቦታ ከሆነ ከዚህ አይሻልም፤ ሃክስሊ ሊያስወግዱት ወደተነሡት ችግር ይመልሳል።

በጤና ጣቢያ የደም ስላይድ የሚያነብ የላቦራቶሪ ባለሙያ ትኩሳት ያለበትን ሕመምተኛ ደም ሲመረምር የወባ ተውሳክ ሊኖር ይችላል ብሎ ይጠብቃል። ካላየ ግን አላየሁም ብሎ መጻፍ አለበት፤ ሐኪሙም የሌላ ትኩሳት መንሥኤ ፍለጋ የሚጀምረው ይህን ቃል አምኖ ነው። ያዩትን እንጂ የጠበቁትን ያለመጻፍ ጠባይ በሕመምተኛ ፊት በድንገት አይገኝም። የሚለመደው አስቀድሞ፣ መሳሳት የሰው ሕይወት በማያስከፍልበት በመጀመሪያው ዓመት ጠረጴዛ ላይ፣ በሽንኩርት ልጣጭና በአንድ ጠብታ የኩሬ ውኃ ነው።