ጥቅምትን ከሰማይ ማየት፦ ከፊኛ እስከ ድሮን

ጥቅምት በእኛ አገር ዘመነ ጽጌ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሁሉ አበባ የሚለብስበት። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ ይኸው ወር ዛፎች ቅጠላቸውን ከማራገፋቸው በፊት ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ የሚሆኑበት ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ‹‹ፎል›› ይሉታል። ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው ከዋሽንግተን ዙሪያ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች በመኪና እየወጡ ፎቶ ይነሳሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ፎቶው ከምድር ብቻ አይነሳም። ድሮኗ እየተንጫረረች ትነሳለች፣ ጫካው ከሥሯ እንደ ስጋጃ ይዘረጋል።

ፎቶው ደስ ይላል፤ እኛም ከሚወዱት ወገን ነን። ግን እዚህ ለመድረስ ከ150 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በመንገዱም ላይ ከውበት ፈላጊው ይልቅ ወታደሩ ብዙ ደክሞበታል። ይህን ማወቅ ድሮን ለሚያስነሳውም፣ ከሥር ቆሞ ቀና ብሎ ለሚያየውም ይጠቅማል ባዮች ነን። (‹‹ዓ.ም.›› ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዩን ያላየው መስታወት

ከአየር ላይ ፎቶ በማንሳት ቀዳሚው ናዳር በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ ነው። በ1858 ከፓሪስ ወጣ ብሎ፣ በገመድ በታሰረ ፊኛ ላይ ሆኖ አነሳ። ያኔ ፎቶ ማንሳት ቁልፍ ተጭኖ መሄድ አልነበረም። መስታወቱ ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ ሳይደርቅ ይነሳል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። ስለዚህ ናዳር ጨለማ ክፍሉን ጭምር በፊኛው ቅርጫት ውስጥ ይዞ ነበር የሚወጣው። ከፊኛው የሚያመልጠው ጋዝ ኬሚካሉን እያበላሸበት ብዙ ለፋ። በመጨረሻ ተሳካለት፤ ነገር ግን እነዚያ የመጀመሪያ ፎቶዎች ዛሬ የሉም።

ተርፎ የደረሰን የመጀመሪያው የአየር ላይ ፎቶ የተነሳው ቦስተን ላይ ነው። ጄምስ ዋላስ ብላክ የተባለ ፎቶ አንሺ፣ ሳሙኤል አርቸር ኪንግ ከተባለ ፊኛ አብራሪ ጋር ወደ 365 ሜትር ከፍታ ወጣ። ቀኑ ኦክቶበር 13 ቀን 1860 ነበር። በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 1853 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በስድስተኛው ዓመት። ፎቶው ላይ ጣሪያው፣ መንገዱ፣ ወደቡ ተደርድሮ ይታያል። ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ የተባለው ደራሲ በኋላ ‹‹ቦስተን፣ ንስርና የዱር ዝይ እንደሚያዩዋት›› የሚል ስም አወጣለት።

እስቲ ቀኑን ልብ በሉት። በኦክቶበር አጋማሽ የዚያ አገር ዛፎች መቅላት ይዘዋል። ብላክና ኪንግ ከቅርጫታቸው ሆነው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲያማትሩ ሰው ከዚያ በፊት እምብዛም ያላየውን አይተው ይሆናል። መስታወቱ ግን አላየም። ነገሩ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ኮሎዲዮን የሚሰማው ሰማያዊውን ብርሃን ነው፤ ለቀይ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። እንደ ፍም የቀላ ዛፍ ፊቱ ቢያቆሙለት ጥቁር አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።

እንግዲህ ጥቅምት ከሰማይ እንዲታይ ሁለት ነገሮች መገናኘት ነበረባቸው፦ ቀለም የሚያይ ፊልምና ሰው ሳይሸከም የሚበር ካሜራ።

ርግብ፣ ድንችና ጦርነት

ሁለተኛውን ፍለጋ ያልተሞከረ የለም። በ1888 አርቱር ባቱ የተባለ ፈረንሳዊ ካሜራ ከሚበር ካይት ጋር አስሮ አነሳ። በ1907 ደግሞ ዩልዩስ ኖይብሮነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ፣ መድኃኒት ያመላልሱለት የነበሩ ርግቦቹ ደረት ላይ ትንሽ ካሜራ አንጠልጥሎ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ርግቧ ስትበር ካሜራው በራሱ ጊዜ ያነሳል። አንዳንዱ ፎቶ ላይ የርግቧ ክንፍ ጫፍ ገብቶ ይታያል።

በዚያው በ1907 የሉሚየር ወንድማማቾች ኦቶክሮም የተባለውን ባለ ቀለም መስታወት ለገበያ አቀረቡ። ምስጢሩ የድንች ስታርች ነበር፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የተነከሩ ደቃቅ ቅንጣቶች። የጥቅምትን ቀለም ለመያዝ የሚያምር ዘዴ ነው። ችግሩ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ብርሃን ለመቀበል ሰከንዶች ይፈጅበታል። ለቆመ ዛፍ ይሆናል፤ ለምትበር ርግብ አይሆንም። ፈጣንና ለብዙኃኑ የሚሆን የቀለም ፊልም ለማግኘት ኮዳክሮም እስከ ወጣበት እስከ 1935 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ።

በዚህ መሐል የሰማዩን ካሜራ ጦር ሠራዊቱ ወስዶታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን ምሽግ ከአውሮፕላን ማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። በሁለተኛው ደግሞ ወሬው ስለ ቅጠል መጣ። ወታደር ታንኩንና መድፉን የሚሸሽገው በተቆረጠ ቅርንጫፍና አረንጓዴ በተቀባ መረብ ነው። ለዓይን ሁሉም አረንጓዴ ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለ ብርሃን በብዛት መልሶ ይረጫል፤ ቀለም የተቀባው ጨርቅ እንደዚያ አያደርግም፤ የተቆረጠውም ቅጠል እየደረቀ ሲሄድ ይለያል። ኮዳክ ይህን ብርሃን ቀይ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። በዚያ ፊልም የሐምሌ ጫካ ሲነሳ እሳት የመሰለ ቀይ ይሆናል፤ የተሸሸገው መሣሪያ ግን በመሐሉ ሌላ ቀለም ይዞ ይጋለጣል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ነገሩ ይገርማል። ያ ቀይ ጫካ የተነሳው በቅጠል ለመደሰት አልነበረም። ቅጠል ውስጥ የተደበቀ ሰው ፍለጋ ነበር።

ደግነቱ ዕውቀት በአንድ እጅ አይቀርም። በ1956 ሮበርት ኮልዌል የተባለ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ በዚሁ ዓይነት ፊልም በስንዴና በመሰል ሰብሎች ላይ የገባ በሽታን ከአየር መለየት እንደሚቻል አሳየ። ደን ጠባቂውም ገበሬውም ተጠቀሙበት።

ከድንጉላ እስከ ፋንተም

‹‹ድሮን›› የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከንብ ቀፎ ነው፤ በእንግሊዝኛ ድንጉላ ንብ ማለት ነው። እንግሊዞች በ1935 ለመድፈኞቻቸው ዒላማ ትሆን ዘንድ በሬዲዮ የምትመራ አውሮፕላን ሠሩና ‹‹ንግሥት ንብ›› አሏት። አሜሪካኖች የራሳቸውን ሲሠሩ ድንጉላ አሉት ይባላል። በጦርነቱ ጊዜ ካሊፎርኒያ ውስጥ እነዚህን ዒላማዎች በሚገጣጥም ፋብሪካ ትሠራ የነበረች አንዲት ወጣት በአንድ የጦር ሠራዊት ፎቶግራፈር ዓይን ውስጥ ገባች። በኋላ ዓለም ማሪሊን ሞንሮ ብሎ ያወቃት እሷን ነው። ድሮንና ካሜራ ትውውቃቸው ቆየት ያለ ነው ማለት ነው!

ወደ ተራው ሰው እጅ የወረደው ግን በ2013 ነው። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ ፋንተም የምትባለውን ባለ አራት ክንፍ ድሮን አወጣ። ለሞባይል ስልክ ተብለው የረከሱት ትንንሽ የሚዛን መለኪያዎች፣ ጂፒኤስና ቀላል ባትሪ አንድ ላይ ሲገጠሙ ማብረር የማያውቅ ሰው ማብረር ቻለ። ያኔ ነው ሁለቱ ነገሮች በእውነት የተገናኙት። በ2017 ደግሞ የብላክ ፎቶ በተነሳበት በዚያው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ የሃርቫርድ ደን ውስጥ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚለመልምና መቼ እንደሚቀላ በድሮን ያጠኑ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን አሳተሙ። መስታወቱ ያላየውን ጥቅምት፣ ከ157 ዓመት በኋላ ዛፍ በዛፍ ቆጠሩት።

ከሥር ያለው ሰውስ?

ሕጉ ግን ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በ2014 ድሮንን ከለከሉ፤ ሸናንዶዋም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ አይበርም። በሌላው ቦታ ጣሪያው 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ ነው። ብላክ በ1860 ከወጣበት አንድ ሦስተኛው! ‹‹ቅጠል ፎቶ ለማንሳት ይህ ሁሉ?›› የሚሉ ወዳጆች አሉን። ለእነሱ ያለን መልስ ከራሳችን አገር ነው።

የእኛ ሰው በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን አውሮፕላን የመርዝ ጭስ ወርዶበታል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል፣ ድሮን ሰላማዊ ሰዎችን መግደሉን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በተደጋጋሚ መዝግበዋል። ዛሬ ብዙ መንደር ውስጥ ‹‹ድሮን›› ሲባል ሰው የሚያስበው ወዴት እንደሚሸሽ ነው። ከዚያ መንደር የወጣ ሰው ቨርጂንያ ተራራ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ያንን የንብ ድምፅ ከላይ ሲሰማ፣ አብራሪው የሚያነሳው ቀይ ቅጠል መሆኑን በምን ያውቃል?

የሰማዩ ካሜራ አብዛኛውን ዕድሜውን ከሥሩ ያለውን ሰው ሳያስፈቅድ ነው የኖረው። ለተራው ሰው ሲደርስ ያንን ልማድ አብሮ መውረስ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ በመጪው ጥቅምት ድሮን ይዛችሁ የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ መጀመሪያ የተከለከለውን ቦታ በካርታ እዩ። ሰው ከተሰበሰበበት ራቅ በሉ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ‹‹ቅጠሉን ላነሳ ነው፤ ይረብሽዎታል?›› ብላችሁ ጠይቁ። ይረብሸኛል ካለ አውርዷት። ቅጠሉ ከታችም ያምራል።