ስምንት ኮር ለምን አይበቃም? የአንድ ተራ አስከባሪ ታሪክ

«ስልኩ ስምንት ኮር ነው» ሲባል ብዙ ሰው ስምንት እጥፍ ይፈጥናል ብሎ ያስባል። አይፈጥንም። ስምንት ገበሬ አንድ ማሳ ላይ ስለተሰማራ ብቻ እርሻው ቶሎ አያልቅም፤ ማን የት ይረስ የሚለው ካልተለየ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ኮምፒውተር ውስጥ ይህን የሚለይ የሶፍትዌር ክፍል አለ፤ በሙያው ስኬጁለር ይባላል። እኔ ክፍል ውስጥ «ተራ አስከባሪ» ነው የምለው፤ ታክሲ ተራ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ የሊኑክስን ተራ አስከባሪ ታሪክ ላውጋችሁ። ሊኑክስን የመረጥኩት ኮዱም ክርክሩም አደባባይ ላይ ስለሆነ ነው፤ የአንድሮይድ ስልካችሁም ውስጥ ያለው እሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ። አንድ ኮር በአንድ ቅጽበት የሚሠራው አንድ ሥራ ነው እንበል። ሙዚቃው፣ ዳውንሎዱ፣ የምትጽፉት መልእክት ሁሉም አብሮ የሚሄድ የሚመስለው ተራ አስከባሪው እያንዳንዱን ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ እያስገባ ስለሚያስወጣው ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ ከሆነ ጥያቄውም አንድ ነው፦ ቀጥሎ ማን ይግባ? ሲበዙ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ የትኛው ላይ ይግባ? ዝውውር ደግሞ ዋጋ አለው። ፕሮሰሰር ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን መረጃ ካሽ በሚባል ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ አጠገቡ ያስቀምጣል። ሥራው ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ሲዛወር ያ መረጃ እዚያው ይቀርና አዲሱ እንደገና ማምጣት ይኖርበታል።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ሊኑክስን ሲጀምር ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አልነበረበትም፤ ኮምፒውተሩ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ያለው 386 ነበር። ባለ ብዙ ፕሮሰሰር ማሽን ላይ መሥራት የጀመረው በ1996 በወጣው ቨርዥን 2.0 ነው፤ መሠረቱን በመጣል በኩል አለን ኮክስ ትልቅ ድርሻ አለው። ያኔ ግን ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ውስጥ በአንድ ጊዜ መግባት የሚችለው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። ቁልፉ አንድ ነዋ! አንዱ ይዞት ከገባ ሌሎቹ በር ላይ ይጠብቃሉ። ይህ ቁልፍ ቀስ በቀስ ሲቀነስ ኖሮ ጨርሶ የተወገደው በ2011 ነው።

እስከ 2.4 ድረስ ሰልፉም አንድ ነበር። ተራ አስከባሪው ቀጣዩን ለመምረጥ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ያያል። አሥር ሥራ ሲሆን ችግር የለውም፤ ሺህ ሲሆን ሰልፉን ማየቱ ራሱ ሥራ ይሆናል። ሁሉም ፕሮሰሰሮች ከዚያው ሰልፍ ለመውሰድ ሲሻሙ ደግሞ ይባስ።

በጥር 2002 ሃንጋሪያዊው ኢንጎ ሞልናር መፍትሔ ይዞ መጣ፦ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ሰልፍ ይኑረው። ሥራዎቹ በ140 የቅድሚያ ደረጃ ተደለደሉ፤ ስለዚህ የሰልፉ ርዝመት ምንም ይሁን፣ ቀጣዩን ለመምረጥ የሚፈጀው ጊዜ አይጨምርም። አንዱ ሰልፍ ሲረዝም ወደ አጠረው የሚያዛውር ክፍልም ነበረው። በዚያው ዓመት «ይህን ሥራ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ብቻ አሠራው» ብሎ ማዘዝ የሚቻልበት መንገድ ተጨመረ። በ2003 መጨረሻ 2.6 ሲወጣ ባለ ትላልቅ ሰርቨሮቹ ተደሰቱ።

ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ የሚያዳምጠው ሰው ግን ያን ያህል አልተደሰተም። ተራ አስከባሪው የትኛው ሥራ ሰው ፊት ለፊት የሚጠብቀው እንደሆነ የሚለየው በግምት ነበር፤ ብዙ የሚተኛውን ሥራ «ይሄ ሰው የሚጠብቅ ነው» ብሎ ያስቀድመዋል። ግምቱ ሲስት ድምፁ ይቆራረጣል፣ መስኮቱ ይጎተታል።

እዚህ ላይ ነው ኮን ኮሊቫስ የሚመጣው። አውስትራሊያዊ የሰመመን ሐኪም ነው። ፕሮግራመርነት ሙያው አይደለም፤ የከርነሉን ኮድ እየነካካ ራሱን ነው ያስተማረው። ከሥራ በተረፈው ሰዓቱ ለዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች የሚሆን ማሻሻያ ለዓመታት ሲያዘጋጅ ቆየና በመጋቢት 2007 አዲስ ተራ አስከባሪ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ግምቱ ይቅር፣ ለሁሉም ድርሻው በእኩል ይታደል።

በሚያዝያ 2007 ሞልናር በ62 ሰዓት የጻፈውን የራሱን ባለ «ፍትሐዊ ድርሻ» ተራ አስከባሪ አወጣ። ሲ.ኤፍ.ኤስ. ይባላል። እስካሁን ከሁሉ ያነሰ የተጠቀመው ሥራ ቀጥሎ ይገባል፤ በቃ። ሞልናር ፍትሐዊ ድርሻ እንደሚሠራ ያሳየው ኮሊቫስ መሆኑን እዚያው ማስታወቂያው ላይ ጽፏል። የተመረጠው ግን የሞልናር ኮድ ሆነ። ቶርቫልድስ ሲያስረዳ፣ የኮዱ ባለቤት ለተጠቃሚ ቅሬታ የሚሰጠው ምላሽም ከኮዱ ጋር ይመዘናል አለ። ኮሊቫስ በበኩሉ የከርነሉ ሰዎች የሚያስቡት ለትላልቅ ማሽኖች ነው፣ ተራው ተጠቃሚ ተረስቷል ብሎ በሐምሌ ሥራውን አቁሞ ወጣ።

ኩርፊያው ሁለት ዓመት ቆየ። በ2009 ሌላ ተራ አስከባሪ ይዞ ተመለሰ፤ ወደ ዋናው ከርነል እንዲገባለት ግን አልጠየቀም። በዚህኛው ሁሉም ፕሮሰሰሮች እንደገና አንድ ሰልፍ ይጋራሉ! ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል አይደል? ግን ባንክ ቤት አስቡት። በየመስኮቱ ሰልፍ ካለ አንዱ ጋ አሥር ሰው ቆሞ ሌላው ገንዘብ ከፋይ ባዶውን ሊቀመጥ ይችላል። ሰልፉ አንድ ከሆነ ሰው ቆሞ እያለ ባዶ የሚሆን መስኮት አይኖርም። ለጥቂት ፕሮሰሰሮች ይህ ይበጃል፤ ለብዙዎች እንደማይመች እሱም አልካደም።

በ2016 ዣን ፒየር ሎዚና ባልደረቦቹ ባለ 64 ኮር ማሽን ላይ የዋናውን ከርነል ተራ አስከባሪ ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ሥራ ተሰልፎ እየጠበቀ ሥራ ፈትተው የሚቀመጡ ኮሮች። አራት ስህተቶችን ለይተው አወጡ። አንድ የዳታቤዝ መመዘኛ ላይ ብቻ ከ14 እስከ 23 በመቶ አቅም ይባክን ነበር። የጥናታቸው ርእስ ራሱ የባከኑ ኮሮች አሥር ዓመት የሚል ነው። ብዙ ሰልፍ መሥራቱ ቀላል ነው፤ ሰልፎቹን ማመጣጠኑ ነው ከባዱ።

ስልክ ሲመጣ ጥያቄው ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። ብዙዎቹ ባለ ስምንት ኮር ስልኮች ላይ ኮሮቹ እኩል አይደሉም፤ ጉልበተኞች አሉ፣ ባትሪ ቆጣቢዎች አሉ። «የትኛው ላይ ይግባ?» ሲባል የባትሪው ሒሳብም መግባት አለበት፤ ይህ ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ2019 ነው። በ2023 ደግሞ ሲ.ኤፍ.ኤስ. ራሱ ከ16 ዓመት በኋላ ለተተኪው ቦታ መልቀቅ ጀመረ። የተተኪው ሐሳብ የተወሰደው በ1995 ከተጻፈ ጥናት ነው፤ 28 ዓመት ተራውን ጠብቆ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለተማሪዎቼ መንገር የምፈልገው የሐኪሙን ነገር ነው። ኮዱ አልተመረጠም። ፍትሐዊ ድርሻ የሚለው ሐሳብ ግን አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል፤ ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። ሐሳቡን ያመጣው የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ያለው ሰው አልነበረም። ሙዚቃው ለምን እንደሚቆራረጥ ያልተዋጠለት ተጠቃሚ ነው።

ሊኑክስ ያላችሁ «ታስክሴት» የምትለዋን ትእዛዝ ሞክሩ፤ አንድን ፕሮግራም በአንድ ኮር ላይ ብቻ ወስኑና ምን እንደሚሆን እዩ። ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እንወያያለን።